«ግቢው ፀጥ ያለ ነው»

ቤት ፈላጊ ሁሉ ሳይወድ ሃያሲ ይሆናል። ቴሌግራም ላይ በቀን ሠላሳ አርባ የኪራይ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው በሳምንቱ ቃላቱን ገልብጦ ማንበብ ይጀምራል። «ለመንገድ ቅርብ» ማለት ሌሊቱን ሙሉ የአይሱዙ ጥሩምባ ማለት ነው። «ውሃ አይጠፋም» ማለት ሰፈሩ ውስጥ ውሃ ይጠፋል ማለት ነው፤ በማይጠፋበት ቦታ ይሄን ማን ይጽፈዋል? «ለአንድ ሰው ይበቃል» ማለት አልጋው ከገባ በሩ በደንብ አይከፈትም ማለት ነው። «ዋጋው በድርድር» ማለት ደላላው መልክህን አይቶ ይነግርሃል ማለት ነው። «አከራይ የለም» የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ሥነ ጽሑፍ ስለሆነ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ይሄ ጽሑፍ ግን ስለ አንዲት ሐረግ ነው፦ «ግቢው ፀጥ ያለና አረንጓዴ ነው»። የመረጥኳት ከሌሎቹ ስለምታምር አይደለም። የደች ማስታወቂያዎችም ስላሏት ነው። ለትምህርት ዋኽኒንገን፣ ዴልፍት ወይም ኤንስኸዴ የሄደ የሀገራችን ሰው ሁሉ ቤት ሲፈልግ ሁለት ቃላት ያጋጥሙታል፦ «ሩስቲኽ» እና «ኽሩን»። ፀጥ ያለ፣ አረንጓዴ። ሐረጓ ቃል በቃል አንድ ናት። ሁለቱን የአንድ ጽሑፍ ሁለት ቅጂዎች አድርጌ ጎን ለጎን ሳነባቸው ግን አንድ ልዩነት አያስተኛኝም። በደቹ ቅጂ ፀጥታውን የሚያገኘው ተከራዩ ነው። በእኛው ቅጂ ፀጥታውን የሚያመጣው ተከራዩ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። በአማርኛ «ፀጥታ» በሁለት መሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚበላ ቃል ነው። አንዱ የድምፅ አለመኖር ነው፤ ልጅ ሲተኛ ቤቱ ፀጥ ይላል። ሌላው መንግሥታዊ ነው፦ የፀጥታ ኃይል፣ የፀጥታ ችግር፣ የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት። ለዚህ ነው «ፀጥ ያለ ሰፈር» ስንል ድምፅ የሌለበት ብቻ ሳይሆን ሌባ የማይገባበት፣ ጠብ የማይሰማበት፣ ሲመሽ የማያስፈራ ማለታችን የሆነው። በእኛ ቋንቋ ፀጥታ የሚጠበቅ ነገር ነው። ጠባቂ አለው፣ የሚያደፈርሰውም አለ። ደቾቹ «ሩስት» የሚሉት ግን ዕረፍት ነው። ሥራውን ጨርሶ እግሩን የዘረጋ ሰው ሩስት አለው። (ጎጃም ላደገ ጆሮ «ሩስት» እና «ርስት» መግጠማቸው ያስቃል። ዝምድና የላቸውም። ግን አያት ቅድመ አያት ያቀኑት፣ ማንም መጥቶ «ልቀቅ» የማይልህ መሬት ላይ ከመቀመጥ የበለጠ ዕረፍት አለ እንዴ?)

ሐረጓን ከነሥሯ ማየት ለሚፈልግ አዲስ አበባ ጥሩ ቦታ አይደለችም። ጉንደ ወይን ትሻላለች። ጉንደ ወይን በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ያለች ከተማ ናት፤ ከደጀን ተነስቶ በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣና ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድ ያልፍባታል። እዚያ ቤት የሚገኘው በማስታወቂያ ሳይሆን በመጠየቅ ነው። ባለ ሱቁን ትጠይቃለህ፤ ባለ ሱቁ ወደ አንዲት እናት ይመራሃል፤ እሳቸው ደግሞ ስለ ዋጋ ከመናገራቸው በፊት «የማን ልጅ ነህ?» ይሉሃል። አረንጓዴ ለማግኘት ተጨማሪ ብር የሚከፍል የለም። አጥሩ ጥግ ባህር ዛፍ አለ፣ ጌሾ አለ፣ ጓሮው ውስጥ ጎመን አለ፣ ክረምት ሲገባ መሬቱ ሁሉ ሣር ነው። ሌሊት የሚሰማው ውሻና ጅብ፣ ሊነጋ ሲል ደግሞ ቅዳሴ ነው። በደች ደላላ ዐይን ከተማዋ በሙሉ ሩስቲኽ እና ኽሩን ናት።

የሚከራየው ማን ነው? ከሌላ ወረዳ የተመደበ መምህር፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የግብርና ባለሙያ። ከሁሉም በላይ ግን ተማሪ። 8ኛ ክፍልን ገጠር ቀበሌው የጨረሰ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከተማ መግባት አለበት፤ በየቀኑ ተመላልሶ አይችለውም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ፤ ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት ጀርባ የተደረደረ፣ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ክፍል። ስንቅ ከቤት ይመጣል፦ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ። ዓርብ ከትምህርት መልስ ሄዶ እሑድ ተሸክሞ የሚመለስ ልጅ የመንገዱን ድንጋይ በቁጥር ያውቀዋል። ይሄ የጉንደ ወይን ብቻ አይደለም። ቢቸናም ሞጣም ደብረ ማርቆስም ያው ነው። የሰሜኑ ከተሞቻችን ጓሮ በገጠር ልጆች ኪራይ የቆመ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። የአማርኛ ልቦለድ የአዲስ አበባውን ቀበሌ ቤትና ሰርቪስ ቤት አሳምሮ ያውቃል፤ ይሄን ክፍል ግን ገብቶ ብዙም አልተቀመጠበትም፤ እኛ አንባቢዎቹ ግማሾቻችን ያለፍነው በእሱ ሆኖ ሳለ።

በዚህ ክፍል ላይ የሚደረገው ውል አይጻፍም። ውል ግን ነው፤ እንዲያውም ከተጻፉት ይረዝማል። በሩ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል። እንግዳ አይበዛም። ተከራይዋ ሴት ልጅ ከሆነች ወንድ ግቢ አይረግጥም፣ «ያጎቴ ልጅ ነው» ብሎ ነገር አይሠራም። መብራት በጊዜ ይጠፋል። ውሃ ስትቀዳ ለእትየም አንድ ጄሪካን ታመጣለህ። እትየ ገበያ ከሄዱ ግቢ ትጠብቃለህ፣ እህል ከተሰጣ ዶሮ ታባርራለህ። በልዋጩ ደግሞ ስትታመም አጥሚት ያፈሉልሃል፤ ስንቅህ ረቡዕ ላይ ካለቀ እስከ ዓርብ ያሻግሩሃል፤ በበዓል ቀን ቤተሰቦችህ ጋ ሳትሄድ ከቀረህ ከመሶቡ ዳር ትቀመጣለህ። እኔ በምሠራበት ሙያ እንዲህ ዓይነቱን ነገር እናውቀዋለን። ሰነዱ ላይ የትም ያልሰፈረ፣ ሁሉም ግን የሚመካበት የሲስተም ባህሪ አለ። ሲሠራ ማንም አያየውም። አንድ ቀን ሲቀየር ግን ሁሉ ነገር ይሰበራል፤ ቅሬታ ልታቀርብ ብትሄድ «ይሄማ መቼ ቃል ተገባ?» ትባላለህ።

ስለ አጥሚቱ የሚጽፍ ሰው በቀላሉ ናፍቆት ውስጥ ይገባል። «ድሮ አከራይና ተከራይ ቤተሰብ ነበር» የሚል ጽሑፍ በየዓመቱ አንድ ሁለት ጊዜ ይዞራል። አንድ ነገር ይጎድለዋል። ባህላችን ለእንግዳ ያለውን ክብር እናውቃለን፤ መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ» ብሎ የመጣ ሰው «ቤት ለእንግዳ» ተብሎ መደብ ይለቀቅለታል፣ እግሩ ይታጠባል። ይሄ ለአንድ ሌሊት ነው፣ በነፃ ነው። አራት ዓመት ከፍሎ የሚኖረው ልጅ ግን የውጭ በር ቁልፍ የለውም። እንግዳም አይደለም፣ ቤተኛም አይደለም። ካነበብኳቸው ያልተጻፉ አንቀጾች ውስጥም አንዱም «ልቀቅ» ከሚለው ቃል አያድነውም። የእትየ ልጅ ሊያገባ ነው፣ ክፍሉ ይፈለጋል፤ ደመወዝተኛ መጥቷል፣ የተሻለ ይከፍላል፤ በቃ። ለከተማ ሰው ቤት መልቀቅ ፍራሽ መጫን ነው። ለ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን ኅዳር ላይ ቤት መልቀቅ ዓመቱን መልቀቅ ሊሆን ይችላል። እና ይሄን የሚያውቅ ልጅ ምን ያደርጋል? ሬዲዮ አይከፍትም። ጓደኛው ሲስቅ አፉን ይይዘዋል። ሽንት ቤት ሲሄድ ጫማውን ያነሳል። ግቢው ፀጥ ይላል። ውበት ብለን የምንጠራው ያ ፀጥታ ግማሹ የተከራይ ፍርሃት ነው።

(ሌላ ዓይነት ፀጥታም አለ። በክልሉ ጦርነት ከተነሳበት ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ልጆቹ ወደየቀበሌያቸው ሲመለሱ፣ እነዚያ ጓሮ ያሉ ክፍሎች ባዶ ቀሩ። የቃሉ ሁለት ትርጉሞች እንዲህ ተራርቀው አይቼ አላውቅም፤ ግቢው ፀጥ ብሏል፣ ፀጥታ ግን የለም።)

አሁን ወደ አዲስ አበባው «አከራይ የለም» እንመለስ። ሙሉ ትርጉሙ «አከራዩ ግቢ ውስጥ አይኖርም» ነው፤ ለዚህም ሰዎች አውቀው ጭማሪ ይከፍላሉ። እስቲ ይሄን እንደ ዓረፍተ ነገር አንብቡት። ሌላ ዕቃ ሲሸጥ ያለው ነገር ይዘረዘራል፤ ስልኩ ይሄን ያህል ካሜራ አለው፣ መኪናው ኤሲ አለው። እዚህ የሚሸጠው የአንድ ሰው አለመኖር ነው። ጉንደ ወይን ያለው ልጅ በነፃ የሚሸከመውን ነገር፣ ማለቴ በር ሰዓቱን፣ የእንግዳ ቆጠራውን፣ «ውሃ አበዛችሁ»ውን፣ የከተማው ሰው ከፍሎ ይገላገለዋል። ከማስታወቂያው ግርጌ ደግሞ ሁለተኛ ዝርዝር አለ፦ «ለላጤ አይሆንም»፣ «ሴት ብቻ»፣ «ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት»። ይሄ የቤቱ መግለጫ አይደለም፤ ድምፅ ሊያሰሙ የሚችሉ ሰዎች ዝርዝር ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ የሚመዘገበው እንደ ጫጫታ ነው። «ግቢው ፀጥ ያለ ነው» የሚለው ሐረግ የተጻፈው ለተከራዩ ሳይሆን ስለ ተከራዩ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ይሄ ሰዋስው ታሪክ አለው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የወጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ነው። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይይዛል፣ የተረፈው ለመንግሥት። ወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ሄዱ፣ ከዚያ የሚበልጡት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር፤ የድሃው ኪራይም ተቀነሰ። እንደ ፖሊሲ ሊከራከሩበት ይቻላል። እንደ ጽሑፍ ግን አንድ ቃል ላይ የቆመ ድንቅ ሥራ ነው፦ «ትርፍ»። በአማርኛ ትርፍ ማለት ከሚያስፈልገው የበዛ ማለት ነው፤ ነጋዴ የሚያገኘውም ትርፍ ነው። «ትርፍ ቤት» ሲባል ቤቱ የበዛ ነው፣ ቤቱ የሚያተርፍ ነው፣ ሁለቱም ወንጀል ነው። ክሱም ፍርዱም በሦስት ፊደል ተጻፈ።

ቃሉ አከራይ የሚባለውን ሰው ከከተማ ቢሰርዝም ክፍል የሚፈልገውን ሰው አልሰረዘውም። ለእሱ የተገኘለት ስም ደባል ነው። ደባል በሌላ ሰው ቤት፣ በሌላ ሰው ስም ተደርቦ የሚኖር ነው። ይከፍላል፣ ግን ደረሰኝ የለውም። ይኖራል፣ ግን መዝገብ ላይ የለም። ሲጠየቅ ዘመድ ነው። ከ1983 በኋላ ማከራየት እንደገና ፀሐይ ላይ ወጣ፤ ደባልነት ግን ከአፋችን አልወጣም። ዛሬም ውል ተፈራርሞ፣ ሙሉ ዋጋ እየከፈለ «ከቀበሌ ከመጡ ዘመዴ ነኝ በል» የሚባል ተከራይ ስንት አለ? የኪራይ ገቢ ግብር የሚፈራ አከራይ፣ መታወቂያ የሚፈልግ ተከራይ፣ በመሃል ደግሞ ሁለቱም የሚያውቁት ውሸት። እንዲህ ያለ ሰው ግቢ ውስጥ ጮክ ብሎ ሊያወራ አይችልም። በወረቀት የለማ።

ኮንዶሚኒየሙ ይሄን ይፈታል ተብሎ ነበር። በከፊል ፈታው፤ አከራዩ በር ላይ አይቀመጥም። ግን ግቢውም አብሮ ጠፋ። በሕንጻዎቹ መሃል ያለው ሜዳ የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም፤ የልብስ ማስጫ ገመድና የመኪና ማቆሚያ ይሻማበታል። ወደዚህ አልገባም፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

የደቹን ቅጂ እንክፈት። «ፀጥ ያለ አረንጓዴ ሰፈር» ሲባል በእኛ አእምሮ የሚመጣው ቪላ ነው፦ ከፍ ያለ አጥር፣ ዘበኛ፣ ቡጌንቪላ፣ ባለቤት። አምስተርዳም ምሥራቅ ያለው ቤቶንዶርፕ ግን ሌላ ነው። ስሙ «የኮንክሪት መንደር» ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተሠራ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጡብና ጡብ ሠሪ ሲወደድ በኮንክሪት የተሞከረ ሰፈር ነው። ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ ከፊትና ከኋላ የጓሮ አትክልት፣ መሃል ላይ አደባባይና ማንበቢያ ቤት። እግር ኳስ የሚወድ አንባቢ ያውቀው ይሆናል፤ በ1947 የተወለደው ዮሃን ክራይፍ ያደገው እዚያ ነው፣ አባቱ ፍራፍሬና አትክልት ይሸጥ ነበር። ደራሲው ኼራርድ ሬቨም ያደገው እዚያ ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ የተሠራው ለሠራተኛ ነው፣ የሚከራይ ነው። ከዚያ በፊት በ1901 የወጣው የቤቶች ሕግ ከተሞችና የቤት ማኅበራት በመንግሥት ብድር ለኪራይ የሚሆን ቤት እንዲሠሩ በር ከፍቶ ነበር። በሌላ አነጋገር ያ ፀጥ ያለ አረንጓዴ የደች ሰፈር ከመጀመሪያው የተከራይ ሐሳብ ነው። ዛፉን የተከለው ጨረታ ያሸነፈ ባለሀብት አይደለም፤ ዕቅድ ላይ የተሳለ ዛፍ ነው።

ይሄን ሳደንቅ ግን አንድ ጎረቤት ሰፈር እጄን ይይዘኛል። ያቺው አምስተርዳም በዚያው በ1920ዎቹ መጨረሻ ከወንዙ ማዶ አስተርዶርፕ የሚባል ሰፈር ሠራች። እዚያ የገቡት «ለመደበኛ ቤት አይመጥኑም» የተባሉ ድሃ ቤተሰቦች ናቸው። ሰፈሩ በግንብ የታጠረ፣ መግቢያው አንድ በር፣ ውስጡ ደግሞ የቤት ንጽሕናቸውንና ጠባያቸውን የሚከታተሉ ተቆጣጣሪዎች ያሉበት ነበር። አጥር፣ በር፣ የሚያይ ዐይን። ጉንደ ወይን ያለውን ልጅ እዚያ ብታስገቡት ከአጥሚቱ በስተቀር ሁሉንም ያውቀው ነበር። ስለዚህ «እነሱ ጋ ተከራይ ይከበራል፣ እኛ ጋ ይናቃል» የሚል ጽሑፍ እየጻፍኩ አይደለም። ተከራይን ፀጥ ማሰኘት እነሱም ሞክረውታል፤ እኛ በአንድ እናት ዐይን የምንሠራውን በማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ሠሩት።

ልዩነቱ የመጣው በኋላ፣ ቅጽሎቹ ወደ ቁጥር ሲቀየሩ ነው። ደቾች ኪራይ የሚተምኑበት የነጥብ ሰንጠረዥ አላቸው። የክፍሉ ካሬ ሜትር ነጥብ አለው፣ ቤቱ ሙቀት የሚይዝበት ደረጃ ነጥብ አለው፣ የኩሽናው መሥሪያ ጠረጴዛ ርዝመት ሳይቀር ይለካል፤ የግል ጓሮ ወይም በረንዳ ካለ ነጥብ ይጨምራል፤ የጋራ ከሆነ ነጥቡ ለሚጋሩት ቤቶች ይካፈላል። ድምሩ የኪራዩን ጣሪያ ይወስናል። ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሄ ጣሪያ እስከ 186 ነጥብ ላላቸው ቤቶች ግዴታ ሆኗል፤ ቀድሞ ከ143 በላይ ያለው ለገበያ የተለቀቀ ነበር። አከራዩ ካጋነነ የኪራይ ኮሚሽን የሚባል ቦታ ሄደህ ታስቆጥረዋለህ። እንደ ኮድ ጸሐፊ ሳነበው ደስ የሚለኝ ነገር አለ፦ ግብዓቱ ይታወቃል፣ ውጤቱ ይታወቃል፣ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል መስክ የለውም። «አረንጓዴ» የሚለው ቃል እዚያ ደላላ የሚያሳምርበት ቅጽል አይደለም፤ በሜትር የሚሞላ ቁጥር ነው። አዎ፣ እንደ ንባብ ደረቅ ነው። ግን ድርቀቱ ለተከራዩ የተሰጠ ስጦታ ነው፤ ዶሮ አባርሮ ማስደሰት የሚኖርበት ሰው የለም።

ግን እዚያ ሂዱና ሞክሩት። ሀገሩ ወደ 400,000 የሚጠጋ ቤት ይጎድለዋል። ሕጉ ሲጠብቅ ብዙ አከራዮች ቤታቸውን መሸጥ መረጡ። ደመወዝህ የኪራዩን ሦስት እጥፍ ካልሆነ ብዙ ኤጀንሲ መልስም አይሰጥህም። ከሁሉም የሚገርመኝ ደግሞ አንዳንድ ማስታወቂያ ግርጌ የሚገኘው ሐረግ ነው፦ «እዚህ አድራሻ መመዝገብ አይቻልም»። ማዘጋጃ ቤት ሄደህ «እዚህ እኖራለሁ» ማለት አይፈቀድልህም፤ ሳትመዘገብ ደግሞ ለሥራና ለባንክ የሚጠየቀውን ቁጥር ማግኘት ጭንቅ ነው። ይሄን ያነበበ የአዲስ አበባ ልጅ ሳቁ ይመጣበታል። «ዘመዴ ነኝ በል» በደች!

እኛ ጋ ሁሉንም ነገር ወደ ወረቀት ለማምጣት የተሞከረው በ2016 ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ውሉ ከ2 ዓመት አያንስም። ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ስድስት ወር፣ ዓመት ቅድሚያ ሲጠየቅ ለኖረ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። (ደቾችም ከ2023 ጀምሮ መያዣ ከ2 ወር እንዳይበልጥ ወስነዋል፤ በዚህች ቁጥር ተገናኝተናል።) ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው መጠን ነው።

ከአዋጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀር ብባል የ2 ዓመቱን አስቀራለሁ። ዋጋ ላይ የሚደረገው ቁጥጥር አከራዩ ብልጥ ከሆነ ከጠረጴዛ ሥር ይታለፋል። ጊዜ ግን ሌላ ነገር ነው። 2 ዓመት ማለት ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የትምህርቱ ግማሽ ነው፤ ኅዳር ላይ «ልቀቅ» የማይባልበት ግማሽ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚኖረው ዝምታ የፍርሃት መሆኑ ይቀርና ወደ ሩስት ይጠጋል። ይሄን የምለው አዋጁ እትየ ግቢ ይደርሳል ብዬ ተማምኜ አይደለም። ጽሑፉ የትልቅ ከተማን አከራይ በዐይኑ ይዞ የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል፤ የባንክ ሒሳብ ያለው፣ ውል የሚያስመዘግብበት ቢሮ ቅርቡ የሆነ። ሦስት የገጠር ልጆች አንድ ክፍል ሲይዙ ተዋዋዩ ማን ነው? 16 ዓመት ያልሞላው ልጅ ይፈርማል? አባቱ ለማረሻ ሥራ ትቶ ይመጣል? እትየስ ለዚያች ጥቂት ብር ተመዝገቢ፣ ግብር ክፈይ ሲባሉ ክፍሉን እህል አያስገቡበትም?

እና አዋጁ ብርንና ጊዜን ሲያይ ግቢውን አያየውም። በር ሰዓት፣ እንግዳ፣ ውሃ፣ ልብስ ማስጫ፣ ቡና ሲፈላ መጠራት ወይም አለመጠራት፣ ይሄ ሁሉ ያው ባልተጻፈው ውል ውስጥ ይቀራል። ይሄን ሕግ ይጻፈው እያልኩ አይደለም፤ ስለ ጀበና የሚደነግግ አዋጅ ማንበብ አልፈልግም። ሁለቱ ሰዎች ግን ሊጽፉት ይችላሉ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። «የውጭ በር ቁልፍ ለተከራይ ይሰጣል» የምትል አንዲት መስመር ስንት ሰው የደጅ ላይ ልመና ታስቀራለች? የማትጻፈው ነውር ስለሚመስል ነው። አከራይን ቁልፍ መጠየቅ አለማመን ነው የሚባለው፤ ተከራይን በ2 ሰዓት መዝጋት ግን አለማመን አይባልም።

በየወረቀት መሸጫው ተባዝቶ የሚገኘው የኪራይ ውል ግቢን የሚነካው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ «ቤቱን በተረከብኩበት ሁኔታ ለማስረከብ ተስማምቻለሁ» ይላል። የተለመደ አንቀጽ ነው፣ ማንም ቆሞ አያነበውም። እስቲ አንብቡት። ባዶ ግቢ የተረከበ ሰው ባዶ ግቢ ያስረክባል። ዛፍ ከተከለ ወይ ይነቅለዋል፣ ወይ ለአከራዩ ትቶት ይሄዳል፣ ወይ ዛፉ አድጎ ግቢው «አረንጓዴ» ሲሆን ኪራይ ይጨመርበታል። ተከራዮች ይሄን አንቀጽ ከጠበቃ በላይ ገብቷቸዋል። ለዚህ ነው መሬት ላይ የማይተክሉት። ጤና አዳሙ በቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው፣ በሶብላው አፉ በተቆረጠ የዘይት ጄሪካን፣ ጽጌረዳዋ እጀታው በወለቀ ባልዲ። በር ላይ በመስመር ይደረደራሉ፤ ቤት የሚቀየር ቀን መጨረሻ ላይ ይጫናሉ፣ ከፍራሹ በላይ፣ አንድ ሰው አቅፎ ይዟቸው።